ለጓደኛ የተጠራ ዋጋ

ኒርማሌንዱ ሳርኬል ሲሞቱ ለሁለት ልጆቻቸው የተዉት ንብረት ሁሉ ወይ ጡሩምባ ወይ መርፌ ያለው ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ግራሞፎን ሲሰበስቡ ኖረው፣ በሰሜን ኮልካታ የተከራዩትን ቤት ከወለል እስከ ጣሪያ ጠቅጥቀውት ሄዱ። አልጋው ሥር የሸክላ ክምር፤ ወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ፣ ምስርና ሩዝ መቀመጥ በሚገባው ቦታ፣ ከሸክላም በፊት ድምፅ ይቀረጽባቸው የነበሩ የሰም ቱቦዎች፤ መታጠቢያ ቤቱ መስኮት ላይ የመርፌ ቆርቆሮዎች። ሚስታቸው በሕይወት ሳሉ «እኔን የዳሩኝ ለሰው ነው ወይስ ለመጋዘን?» ይሉ ነበር።

ይህን ሁሉ ጠርጎ የማውጣቱ ሥራ የወደቀው በልጃቸው በማላቢካ ላይ ነው። ማላቢካ የጂኦግራፊ መምህርት ናት፤ ከአባቷ የወረሰችው አፍንጫውን እንጂ አመሉን አይደለም፤ ዕቃ ሲበዛ ያፍናታል። አከራዩ ቤቱን ልቀቁልኝ ብሏል። ፑኔ የሚኖረው ወንድሟ ዲባካር ደግሞ በስልክ «ሁሉም በአደባባይ ሐራጅ ይሸጥ፤ ኋላ ይሄን ሰጠሽ፣ ያንን ደበቅሽ መባባል እንዳይመጣ» አለ። እውነቱን ነው። እሷም በእሱ ቦታ ብትሆን ይህንኑ ትል ነበር። ብቻ እሱ ይህን የሚለው ፑኔ ቁጭ ብሎ ነው፤ አቧራውን የምትውጠው እሷ ናት።

ከዚያ ሁሉ ዕቃ ያስጨነቃት ግን አንዱ ብቻ ነበር፤ ባለ እንጨት ጡሩምባው ግራሞፎን። የሌሎቹ ጡሩምባ ቆርቆሮ ወይም ናስ ነው። የዚህ ግን ወረቀት ከመሰለ ስስ እንጨት ንጣፍ በንጣፍ ተጣብቆ እንደ ትልቅ አበባ የተከፈተ ነው፤ ድምፁም አይጮኽም፣ ሰው ጎን ተቀምጦ የሚያንጎራጉር ነው የሚመስለው። አባቷ ሆስፒታል ሆነው፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ «ማሉ፣ ሌላው የትም ይሂድ። የእንጨቱን ግን ቦትራ እንዳይወስደው» አሏት። «አይወስደውም፣ ባባ» አለች። ለሚሞት ሰው ሌላ ምን ይባላል? አንዴ ከአፏ ከወጣ በኋላ ግን ቃል ሆነ።

ራታን ቦትራ ሆቴሎችንና የሠርግ አዳራሾችን የሚያስጌጥ ነጋዴ ነው። ግራሞፎን ይገዛል፣ ጡሩምባውን ይነቅላል፣ አምፖል ይከትበትና ከጣሪያ ላይ ያንጠለጥለዋል፤ ሣጥኑን የመጠጥ ቁም ሣጥን ያደርገዋል። ክፉ ሰው አይደለም። የሚያደርገውን አይደብቅም፣ ሲከፍልም አያስለምንም። «እኔ ባልገዛው ምስጥ ነበር የሚበላው» ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜም እውነቱን ነው። ቢሆንም ቃል ቃል ነው።

ማላቢካ ራሷ እንዳትገዛው የሐራጅ ቤቱ ደንብ ከለከላት፤ የሻጭ ቤተሰብ በገዛ ዕቃው ላይ መጫረት አይችልም። ስለዚህ ተስፋዋ ሁሉ በአባቷ ሦስት ጓደኞች ላይ ነበር። እነዚህ ሦስት ሰዎች ከልጅነቷ ጀምሮ እሑድ እሑድ ቤታቸው እየመጡ፣ ሸክላ እየሰሙ፣ እየተከራከሩ፣ እሷን ሻይ ሲያስፈሉ የኖሩ ናቸው። ሺብሻንካር የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሆነው የኖሩና ጥሩ ጡረታ ያላቸው፤ ባባቶሽ ልባቸውን የሚያማቸው የሆሚዮፓቲ ሐኪም፤ ፋኒቡሻን ደግሞ ሚስታቸው የሞተችባቸው የባቡር ጣቢያ ጸሐፊ።

ሦስቱም አንድ የማይጥሱት ደንብ ነበራቸው፦ ወዳጅ በወዳጁ ላይ እጁን አያነሣም። በወጣትነታቸው በአንዲት ሸክላ ምክንያት ሐራጅ ላይ ተፎካክረው አንድ ዓመት ሙሉ ተኳርፈው ነበር፤ ደንቡ የወጣው ሲታረቁ ነው። ከዚያ ወዲህ ከየሐራጁ በፊት ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ይገናኛሉ፤ ኒርማሌንዱም «ይሄ የፋኒ፣ ይሄ የሺቡ፣ ያቺን ለኔ ተዉልኝ» እያሉ ያከፋፍላሉ። የተባለው ይጸናል። አሁን ግን አከፋፋዩ ሞተዋል፤ ሊከፋፈል የመጣውም የእሳቸው ዕቃ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዕቃው ለእይታ በተደረደረበት አዳራሽ፣ ማላቢካ ሦስቱን ባለ እንጨቱ ግራሞፎን ዙሪያ ቆመው አገኘቻቸው። ፋኒቡሻን ጡሩምባውን በሸሚዛቸው ጫፍ ይወለውላሉ።

«ካኩ» አለቻቸው፤ አጎት ማለቷ ነው፤ ሦስቱንም እንዲሁ ነው የምትጠራው። «ነገ ይሄንን ማን ነው የሚገዛው?»

«ኧረ እሱማ አለቀ፣ እናቴ» አሉ ሺብሻንካር እጃቸውን አወናጭፈው።

«አለቀ ማለት?»

«ተወሰነ ማለት ነዋ።»

«ማን እንዲገዛ?»

ሦስቱ ተያዩ፤ ፈገግ አሉ። እያንዳንዳቸው ሌላውን በፍቅር አዩ። ነገሩ መበላሸቱን ማላቢካ ያኔውኑ ማወቅ ነበረባት።

«እንዲህ ያለው ነገር በአፍ አይወራም» አሉ ባባቶሽ። «በመካከላችን መግባባት አለ።»

«ባባቶሽ ካኩ፣ እኔ መግባባት አይደለም የምፈልገው፤ ስም ነው የምፈልገው። አንድ ስም!»

«አይ የዛሬ ልጆች!» አሉ ፋኒቡሻን ጡሩምባውን ሳይለቁ። «ማሉ፣ አባትሽ እንኳ እንዲህ አይቸኩልም ነበር። ሂጂ ሳምቡሳ ብዪ፤ ፊትሽ ገርጥቷል።»

ከአዳራሹ ወዲያ ማዶ ቦትራ ቆሞ፣ ከሩቅ ክንዱን ዘርግቶ የጡሩምባውን አፍ ይለካ ነበር።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ሐራጅ ቤቱ ወንበር የሚባል ነገር የለውም፤ ሰው የሚቀመጠው በሚሸጠው ዕቃ ላይ ነው። ተራው ሲደርስም ወንበሩ ከነተቀማጩ ይሸጣል። ሐራጅ የሚሉት ሚርዛ ሳሂብ ከፍ ካለ ጠረጴዛቸው ላይ ሆነው «ሶፋው ለእመቤቲቱ ተሸጧል፤ የተቀመጡት ጌታ ግን አብረው አልተሸጡም» እያሉ ያስቃሉ። ማላቢካ የሣቀችው ለይሉኝታ ነው። ሦስቱ አዛውንቶች አንድ ረጅም የጣቢያ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ እጃቸው ጭናቸው ላይ፣ ፀጉራቸው በዘይት ተለጥፎ፣ ለሠርግ የመጡ ይመስላሉ።

የናስ ጡሩምባዎቹ ሄዱ። የሰም ቱቦዎቹ ሄዱ። በመጨረሻ ባለ እንጨቱ ወጣ። ሠራተኛው እጀታውን አዙሮ ሞላውን አጠነከረና መርፌውን ሸክላው ላይ አሳረፈ፤ የአንዲት ሴት ድምፅ ጥቂት አንጎራጎረ። ማላቢካ አባቷ ከጀርባዋ ያሉ መስሏት ልትዞር ነበር።

«ከሃያ ሺህ ሩፒ እንጀምራለን» አሉ ሚርዛ ሳሂብ።

ቦትራ ጣቱን ቀሰረ።

«ሃያ ሺህ አለኝ! ማን ይጨምራል?»

ማንም። ማላቢካ አግዳሚውን አየች። ሺብሻንካር ፈገግ እንዳሉ ነው። ባባቶሽ ጣሪያው ላይ የሚዞረውን ማራገቢያ ያያሉ። ፋኒቡሻን የእግራቸውን ጣቶች ይመረምራሉ።

«ክቡራን፣ ስንጥቅ የለው፣ ምስጥ አልነካው፤ ሃያ ሺህ የዋጋ ጥሪ ነው ወይስ ምጽዋት? እሺ ካላችሁ... ሃያ ሺህ፣ አንድ ጊዜ!»

ማላቢካ የተቀመጠችበትን የሳጠራ ወንበር ገፍትራ፣ በሰው ጉልበት ላይ እየተረማመደች፣ አግዳሚው ጀርባ ደረሰች።

«ካኩ! ምን እየጠበቃችሁ ነው?»

«ባባቶሽን ነዋ» አሉ ሺብሻንካር በሹክሹክታ። «ለእሱ ነው የተውኩለት። ልቡ ደካማ ነው፤ ቀሪ ዘመኑን ደስ ይበለው ብዬ።»

«ባባቶሽ ካኩ፣ እጅዎን ያንሡ እንጂ!»

«እኔ?» ባባቶሽ ደነገጡ። «እኔማ ለፋኒ ነው የለቀቅሁት። ብቻውን ነው፣ ምስኪን። ማታ ማታ ያጫውተዋል ብዬ።»

«ፋኒ ካኩ!»

«የሚገባው ለሺቡ ነው» አሉ ፋኒቡሻን ቆፍጠን ብለው። «ጎርፍ የገባ ጊዜ ራሱ ላይ ተሸክሞ ያወጣው ማነው? እሱ ተቀምጦ እኔ እጄን ባነሣ ሰው ምን ይለኛል?»

«የቱ ሰው? ማን እያያችሁ ነው? ያ ሰውዬ ሊወስደው ነው እኮ!»

«ይህ ነው መግባባታችሁ?» ልትል ፈለገች፤ ጊዜ አልነበረም።

«ሃያ ሺህ፣ ሁለት ጊዜ!»

«ለራስዎ ካልሆነ ለእሱ ይግዙለት!» ብላ በሺብሻንካር ጆሮ ላይ ጮኸች። «ለባባቶሽ ካኩ ይግዙለት፣ ስጦታ ይሁን! ስጦታ ደንብ ይጥሳል?»

ሺብሻንካር እንደ ሕፃን ዓይናቸው በራ። እጃቸው ተነሣ። «ሃያ አምስት!»

ማላቢካ ትንፋሿን መለስ አደረገች። ነገር ግን የጮኸችው ለአንዱ ቢሆንም የሰሙት ሦስቱም ነበሩ።

«ሠላሳ!» አሉ ባባቶሽ።

«ምን ሆነሃል?» ሺብሻንካር ዞሩባቸው። «እጅህን አውርድ! ላንተ እየገዛሁ እኮ ነው!»

«እኔ ደግሞ ለፋኒ እየገዛሁ ነው። አንተ አውርድ!»

«ሠላሳ አምስት!» አሉ ፋኒቡሻን ከዳር። «ለሺቡ!»

«ወዳጅ ላይ እጅ አይነሣም! ደንቡን ረሳችሁት?»

«እኔ ላንተ ነው እንጂ አንተ ላይ አላነሣሁም፤ አንተ ደረቅ!»

«ክቡራን» አሉ ሚርዛ ሳሂብ መዶሻቸውን እንዳንጠለጠሉ፣ «እዚህ ጠረጴዛ ላይ ስቀመጥ ብዙ አይቻለሁ፤ ስጦታ በጉልበት ሲሰጥ ግን ዛሬ ገና ነው። ሠላሳ አምስት አለኝ!»

ቦትራ አርባ አለ፤ ሦስቱም ባንድ ላይ በላዩ ጨመሩበት። እንደገና ከፍ አደረገ፤ እንደገና ጨመሩበት። ከዚያ ከአግዳሚው ጀርባ ከተቀመጠበት ወደ እሷ ጠጋ ብሎ «ዲዲ» አላት ማላቢካን በታላቅ እህት ወግ፣ «እኔ ከነጋዴ ጋር መጫረት አውቃለሁ። ከነዚህ ጋርስ እግዜር ያውጣሽ። ተውኩት።»

አባቷን አሰበች። አልወሰደውም። ግን ቦትራ አልተነሣም፤ ጋዜጣውን ዘርግቶ እግሩን አነባበረ።

«አትሄድም እንዴ?» አለችው።

«ምን አስቸኮለኝ? ያሸነፈው ዛሬውኑ ካልከፈለ ለተከታዩ ይሰጣል። ተከታዩም ካልከፈለ ለሚቀጥለው። ከሦስቱ ቀጥሎ ያለሁት እኔ ነኝ።» ጋዜጣውን ገለጠ። «አባትሽን በጣም ነበር የማከብራቸው።»

ማላቢካ ወደ አግዳሚው ዞረች። አምሳ አልፏል። ስድሳ ደርሷል። ሦስቱ ቆመዋል፤ ፊታቸው ቀልቷል፤ የጣት ጦርነት ነው። ፋኒቡሻን ለሺብሻንካር ሲሉ የሚጠሩት ገንዘብ ሕይወታቸውን ሙሉ ባንድ ላይ አይተውት አያውቁም፤ በዝናብ ወራት መኝታ ቤታቸው ውስጥ ባልዲ የሚደረድሩ ሰው ናቸው። ባባቶሽ የሕመምተኛ ገንዘብ መቀበል ስለሚያፍሩ ጎረቤቱን ሁሉ በነፃ ያክማሉ። ከሁለቱ አንዳቸው ካሸነፉ አይከፍሉም፤ ካልከፈሉ ደግሞ ሺብሻንካር ከወዳጃቸው እጅ የወደቀውን አያነሡም፤ ከዚያ... ቦትራ ገጽ ገለበጠ።

«ይበቃል!» አለች። ማንም አልሰማትም። «ካኩ፣ በባባ ሞት ይዣችኋለሁ!»

«አንቺ ዝም በይ፣ ማሉ፤ ይሄ የትልልቅ ሰዎች ጉዳይ ነው» አሉ ባባቶሽ። «ስድሳ ሁለት!»

በዚህ ጊዜ ማላቢካ ሰባተኛ ክፍል ውስጥ ጠብ ሲነሣ የምታደርገውን አደረገች። ሁለት እጅ አላት፤ አዛውንቶቹ ሦስት ናቸው። መክፈል የሚችሉት አንዱ ብቻ ናቸው። ከአግዳሚው ጀርባ ተንጠራርታ የባባቶሽን ቀኝ ክንድና የፋኒቡሻንን ግራ ክንድ ያዘችና በሙሉ ክብደቷ ወደ ታች ጎተተች። ሁለቱ አዛውንቶች አግዳሚው ላይ ዱብ አሉ።

«ልቀቂኝ!» አሉ ፋኒቡሻን። «ግራኝ መሆኔን ታውቂ ነበር!»

«አላውቅም ነበር፤ አሁን አወቅሁ።»

«ስድሳ አራት!» አሉ ሺብሻንካር፣ የሚከለክላቸው ሰው ባለመኖሩ ግራ ተጋብተው። «ለባባቶሽ!»

ሚርዛ ሳሂብ አዳራሹን አዩ። አግዳሚው ላይ የሚታገሉትን ሁለት አዛውንቶችና ከጀርባቸው ሳሪዋ ትከሻዋ ላይ የተንሸራተተባትን ሴት አዩ። ቀስ ብለው ዓይናቸውን ወደ ማራገቢያው አነሡ።

«ሌላ እጅ አይታየኝም» አሉ። «አንድጊዜሁለትጊዜሦስትጊዜ!» እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ሲሉ ሰምቷቸው የሚያውቅ የለም። መዶሻው ወረደ።

ሺብሻንካር ቼኩን ገንዘብ ቤት መስኮት ላይ ፈረሙ። ቦትራ ጋዜጣውን አጠፈ። ከዚያ ሳይጠየቅ መጥቶ ጡሩምባውን ከሣጥኑ ፈታ፤ ለመንቀል የለመደ እጅ ነውና አንድ ስንጥቅ ሳያወጣ ነቀለው፤ አቅፎም እስከ ጎዳናው ድረስ ተሸከመላት። ማላቢካ ያን ቀን ከልቧ ያመሰገነችው ሰው እሱን ብቻ ነው፤ ይህም በራሱ አናደዳት።

ሣጥኑ ቢጫው ታክሲ የኋላ ወንበር ላይ ገባ። ነገሩ ያለቀ መሰላት። አላለቀም።

«በል እንግዲህ፣ ወደ ቤትህ ውሰደው» አሉ ሺብሻንካር ባባቶሽን።

«እንዴት አድርጌ? ለፋኒ አልኩህ እኮ። ለፋኒ ስጠው።»

«እኔ ጋ ጣሪያው ያፈሳል፤ ደግሞ የከፈለው ሺቡ ነው። የከፈለ ይውሰድ።»

«ለራሴ ብፈልገው ኖሮ መጀመሪያውኑ እጄን አላነሣም ነበር?»

«ታዲያ እኔስ?»

«ጌቶች» አለ የታክሲው ሹፌር፣ «የምትሄዱበትን ንገሩኝ፤ እዚህ ማቆም ክልክል ነው።»

«አንድ ሐሳብ አለኝ» አሉ ባባቶሽ፤ ሌሎቹን በእጃቸው ዝም አሰኝተው። «የሚጎዳ ሰው እንዳይኖር፣ መልሰን ለሐራጅ ቤቱ እንስጠውና የሚመጣው እሑድ...»

«እውነትህን ነው» አሉ ፋኒቡሻን።

«እሱም አያስኬድም አይባልም» አሉ ሺብሻንካር።

ማላቢካ የታክሲውን የፊት በር ከፈተች። ገብታ ተቀመጠች። ጡሩምባውን ከቦትራ ተቀብላ ጭኗ ላይ አደረገችው፤ አፉ በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ ወጣ።

«ቆይ፣ እናቴ፣ እኛስ?» አሉ ሺብሻንካር። «ባባቶሽ፣ አንተ ከኋላ ግባ፣ ልብህ...»

«አንተ ግባ፤ ጉልበትህን ያምሃል።»

«ፋኒ ይግባ፤ ከሁላችን ቀጭኑ እሱ ነው።»

«እኔ በትራም እመጣለሁ፤ እናንተ...»

«ሂድ» አለች ማላቢካ ለሹፌሩ።

«ወዴት?»

አሰበች። የሺብሻንካር ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የፋኒቡሻን ያፈሳል። ባባቶሽ ቤት ግን ሚስታቸው ኒሃርካና ካኪማ አሉ፤ ቤቱም ደረጃ የለውም። «ባግባዛር» አለች። ታክሲው ሲንቀሳቀስ ሦስቱም አዛውንቶች አንዱ የሌላውን ክርን ይዘው ወደ በሩ ሲገፉ፣ በሩ ከፊታቸው ሄደ። መንገዱን ሁሉ ወደ ኋላ አልዞረችም።

ኒሃርካና ካኪማ እጃቸው ሰናፍጭ ዘይት እንደነካው በሩን ከፈቱ። ጡሩምባውን አዩ፤ ታክሲው ውስጥ ያለውን ሣጥን አዩ፤ የማላቢካን ፊት አዩ።

«ማን ገዛው?»

«ሺቡ ካኩ። ለባባቶሽ ካኩ።»

«እሱስ ምን አለ?»

«አልወስድም። ለፋኒ ካኩ ይሁን አሉ። ፋኒ ካኩ ለሺቡ ካኩ ይሁን አሉ። መልሰው ለሐራጅ ሊሰጡት ነው።»

አሮጊቷ እጃቸውን በሳሪያቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ ውስጥ ዞረው የስፌት መኪናቸውን ከመስኮቱ ሥር በዳሌያቸው ገፍተው አንድ ማዕዘን አስለቀቁ።

«የት ደርሰዋል?» አሉ ተመልሰው።

«በር ላይ ማን ቀድሞ ይግባ እየተባባሉ ነው የተውኳቸው።»

«እንግዲያ ጊዜ አለን» አሉ ካኪማ፤ የሣጥኑን አንድ ጎን ያዙ። «ያዢ በዚያ በኩል። ሳይመጡ እናስገባው።»